ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ እና ከቅጥር ውጭ የሠራው የድኾች ከተማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጥር 6 ቀን ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የጌታችንን የግዝረቱን በዓል በምታከብርበት ዕለት የአንድ ታላቅ አባት ዕረፍትም በስንክሳር ይታሰባል። ይህ አባት የቀጰዶቅያዋ ቂሣርያ ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ባስልዮስ ነው። ምእመናን ስሙን በቅዳሴው ያውቁታል፤ ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በእርሱ ስም ይጠራልና። ነገረ ሃይማኖት የተማሩት ደግሞ ከአርዮሳውያን ጋር ያደረገውን ተጋድሎ፣ ስለ መንፈስ ቅዱስ የጻፈውን መጽሐፍና ለመነኮሳት የሠራውን ሥርዓት ያስታውሳሉ። ለቂሣርያ ድኾች የሠራው ሥራ ግን በእኛ ዘንድ እምብዛም አይነገርም። እኛም ራሳችን በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ቅዳሴው ብዙ ተምረን፣ ከከተማው ቅጥር ውጭ ስላሠራው የድኾች መኖሪያ ግን የሰማነው ዘግይተን ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቅዱሱን የሕይወት ታሪክ ከዚህ ወገን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ያደገበት ቤት

ቅዱስ ባስልዮስ የተወለደው በ330 አካባቢ ነው። አባቱም ባስልዮስ ይባላል፤ በጳንጦስ አገር የታወቀ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። እናቱ ኤሚልያ ትባላለች፤ አባቷ በንጉሥ ቍጣ የተገደለ፣ ንብረቱም ለሌሎች የተከፋፈለበት ሰው ነው። የአባቱ እናት ቅድስት ማክሪና በዘመነ ሰማዕታት ከባሏ ጋር ወደ ጳንጦስ ደን ሸሽታ ሰባት ዓመት ያህል በስደት ኖራለች፤ የእነርሱም ሀብት ስለ ክርስቶስ ስም ተወርሶ ነበር። ከስደቱ በኋላ ቤተሰቡ እንደገና ባለጸጋ ሆነ፤ ርስታቸውም በብዙ አውራጃዎች የተበተነ ሰፊ ርስት ነበር። ሆኖም ሀብት በአንድ ቀን ፍርድ የሚወሰድ ነገር መሆኑ በዚያ ቤት በየማዕዱ የሚወሳ የአያቶች ታሪክ እንደነበር መገመት አይከብድም።

ከዚህ ቤት ሦስት ኤጲስ ቆጶሳት ወጥተዋል። ባስልዮስ በቂሣርያ፣ ጎርጎርዮስ በኑሲስ፣ የሁሉም ታናሽ የሆነው ጴጥሮስ በሴባስጥያ ተሹመዋል። ስለ ምጽዋት ስንናገር ግን ከሦስቱ በፊት ሹመት ያልነበራቸው ሁለት ሰዎች ይቀድማሉ። የመጀመሪያዋ በአያቷ ስም የተጠራችው የሁሉም ታላቅ እኅት ማክሪና ናት። እጮኛዋ በሞተ ጊዜ ሌላ ባል አላገባም ብላ በድንግልና ጸንታ፣ ከአባቷ ዕረፍት በኋላ እናቷን አሳምና በኢሪስ ወንዝ አጠገብ አኔሲ በሚባለው ርስታቸው የነበረውን ቤት ወደ ገዳም ለወጠችው። በዚያ ቤት እመቤትና ገረድ የነበሩት በአንድ ማዕድ ተቀመጡ፤ አንድ ዓይነት ምግብ በሉ፤ አንድ ዓይነት መኝታ ተኙ።

ሁለተኛው ወንድማቸው ናውክራጥዮስ ነው። ይህ ወጣት በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በንግግር ችሎታው ሕዝብ ሲያደንቀው ሳለ ሁሉን ትቶ ወደ ወንዙ ዳር ጫካ ገባ። እዚያ በድኽነትና በበሽታ የተጎዱ ሽማግሎችን አገኘ። ዓሣ እያጠመደ፣ አራዊትም እያደነ በገዛ እጁ ይመግባቸው ነበር። በዚህ አገልግሎት አምስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ለእነዚያ አረጋውያን የሚሆን ሲሳይ ለማግኘት እንደወጣ በአደጋ ሞተ። ቅዱስ ባስልዮስ ታላቅ የድኾች ቤት ከመሥራቱ ከዐሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ታናሽ ወንድሙ ለጥቂት ሽማግሎች ሲል ሕይወቱን አሳልፎ ነበር ማለት ነው።

ከአቴና እስከ አኔሲ

ባስልዮስ ግን በዚያ ወራት ሌላ መንገድ ላይ ነበር። በቂሣርያና በቍስጥንጥንያ ከተማረ በኋላ ወደ አቴና ሄዶ የዘመኑን ጥበብ ሁሉ ተማረ። ከጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ጋር ዕድሜ ልክ የዘለቀ ወዳጅነት የተሳሰረው በዚያ ነው። በኋላ ከሐዲ የተባለው ዑልያኖስም በዚያው ከተማ ተማሪ ነበር። ባስልዮስ በ356 አካባቢ ወደ አገሩ ሲመለስ በንግግር ችሎታው የታበየ፣ የከተማውን ሹማምንት ሁሉ ከእርሱ በታች የሚያይ ወጣት ሆኖ እንደመጣ የገዛ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ሳይሸሽግ ጽፎልናል። የቅዱሳንን ታሪክ ስንጽፍ ከማኅፀን ጀምሮ ፍጹም አድርገን ማቅረብ ይቀናናል፤ የኑሲሱ አባት ግን የወንድሙን ትዕቢት አልደበቀም። ከዚያ ትዕቢት የመለሰችውም ታላቅ እኅቱ ማክሪና ናት።

ከተጠመቀ በኋላ ወደ ግብፅ፣ ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ተጉዞ የመነኮሳትን ኑሮ አየ። ሲመለስም ከርስቱ ብዙውን ለድኾች ሰጥቶ ከእኅቱ ገዳም ማዶ፣ በወንዙ ወዲያኛው ዳር በኣት አጸና። በምናኔ ሳለ የደረሰበት አንድ አሳብ ለኋላ ሥራው መሠረት ሆኗል። ብቻውን የሚኖር ባሕታዊ ትሕትናን የሚገልጥበት፣ ርኅራኄንም የሚያሳይበት ወንድም አጠገቡ ስለሌለ፣ ጌታችን በሐሙስ ማታ የሠራውን የእግር ማጠብ ሥራ ሊፈጽም እንደማይችል ያስተምር ነበር። ስለዚህ የእርሱ መነኮሳት በማኅበር እንዲኖሩ፣ እንዲሠሩም አዘዘ፤ የሥራቸውም ዓላማ የራሳቸውን ሆድ ለመሙላት ሳይሆን ለተቸገረው የሚሰጥ ነገር ለማግኘት እንዲሆን ደነገገ።

በዚህ ጊዜ ከእርሱ በፊት የተጓዘ ሰውም ነበር። የሴባስጥያው ኤውስጣቴዎስ በከተማው የድኾች መጠለያ አቋቁሞ ነበር፤ ባስልዮስም በወጣትነቱ እንደ መምህር ይከተለው ነበር። በኋላ ኤውስጣቴዎስ በመንፈስ ቅዱስ አምላክነት ላይ የቀናውን እምነት ባልያዘ ጊዜ ሁለቱ ተለያዩ፤ መለያየቱም ለባስልዮስ መራራ ነበር። ከተለያዩ በኋላም ቢሆን ከእርሱ ያየውን የድኾች መጠለያ ሥራ አልጣለም።

ስለ ዑልያኖስ ከሐዲ ያነሣነውንም እዚህ ላይ ብንጨምር መልካም ነው። ዑልያኖስ ነግሦ የጣዖትን አምልኮ ሊያድስ በተነሣ ጊዜ፣ በ362 ለገላትያ የጣዖት ሊቀ ካህናት በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኾች ብቻ ሳይሆን የአሕዛብንም ድኾች እንደሚመግቡ በቅሬታ ገልጿል። በየከተማውም የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራ አዝዞ ስንዴና ወይን መድቧል። ጠላት ሊቀዳው የፈለገው ይህ ልማድ ባስልዮስ ገና ሊቀ ጳጳሳት ሳይሆን በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የነበረ ነው። ቅዱሱ ከምንም አልጀመረም፤ የተቀበለውን አሰፋ እንጂ።

የረኃቡ ዘመን

የቂሣርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ ባስልዮስን ቅስና ሾመው። በመካከላቸው ቅር መሰኘት ተፈጥሮ ባስልዮስ ወደ ጳንጦስ ተመልሶ እንደነበር ይታወቃል፤ አርዮሳዊው ንጉሥ ዋሌንስ ቤተ ክርስቲያንን ማስጨነቅ ሲጀምር ግን በ365 ተመልሶ ከሊቀ ጳጳሳቱ ጎን ቆመ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ368 እና በ369፣ በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ ሆነ።

ክረምቱ ደረቅ ሆኖ አለፈ፤ የበልጉም ዝናብ ቀረ። ምድሪቱ ተሰነጣጠቀች፤ ወንዞች እየጎደሉ ሄደው በእግር የሚሻገሯቸው ሆኑ። ቂሣርያ ከባሕር የራቀች ደጋ ከተማ ነበረች። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች አዝመራ ሲጎድልባቸው በመርከብ እህል ያስመጣሉ፤ የተረፋቸውንም ይልካሉ። ለቂሣርያ ሰዎች ግን በየብስ መንገድ እህል ማጓጓዝ ከአቅም በላይ ነበር። ስለዚህ በከተማው ያለው እህል በጎተራ ያለው ብቻ ነው። ባለጎተራዎችም ዋጋው ገና ይጨምራል ብለው በራቸውን ዘጉ። ስለዚያ ዘመን የጻፈልን ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ከረኃቡ ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ መሆኑን ይነግረናል። በአገራችን የዋጋ ንረት ባለባቸው ወራት እህል ሲደበቅ ያየ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ባስልዮስ በዚያ ጊዜ ሊቀ ጳጳሳት አልነበረም፤ አንድ ቄስ ነበር። በእጁ የነበረው የወላጆቹ ርስት ቀሪና አንደበቱ ነው። መጀመሪያ የራሱን ሸጦ አወጣ። ቀጥሎ በመድረኩ ቆመ። በዚያ ወራት ያስተማራቸው ትምህርቶች ዛሬም ይነበባሉ። አንዱ በነቢዩ አሞጽ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ ስለ ድርቁ የተናገረው ነው። በዚህ ትምህርቱ ለምሕላ በተጠራው ጉባኤ ሕፃናቱ የትምህርት ሰሌዳቸውን ጥለው ደስ እያላቸው ሲመጡ፣ ኃጢአት የሠሩት ጎልማሶች ግን በንግዳቸው ተጠምደው መቅረታቸውን በምሬት ይገልጻል። የተራበ ሰው አካል ቀን ከቀን እንዴት እንደሚከሳ፣ ቆዳው እንዴት እንደሚሳሳ፣ ዐይኑ እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚገባ እንደ ሐኪም ይዘረዝራል። ይህን ሁሉ የሚናገረው ሰሚዎቹ ረኃብን ስላላዩ አይደለም፤ በየደጃፋቸው እያዩት ማየት ትተውት ስለነበር ነው።

ሌላው ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ እሠራለሁ ባለው ባለጸጋ ምሳሌ ላይ ያስተማረው ነው (ሉቃ. 12፥16-21)። በዚህ ትምህርት ውስጥ እህል ለመግዛት ከልጆቹ አንዱን በባርነት ለመሸጥ የተገደደ አባት አለ። የትኛውን እንደሚሸጥ እየመረጠ በልቡ ይከራከራል፤ ታላቁን ቢሸጥ የበኵርነቱ ነገር፣ ታናሹን ቢሸጥ የሕፃንነቱ ነገር ያስጨንቀዋል፤ ሁሉንም ቢያስቀር ሁሉም በረኃብ ሊያልቁበት ነው። በመጨረሻ እያለቀሰ አንዱን ይዞ ሲመጣ እህል ያለው ሰው በዋጋው ይከራከረዋል። የቂሣርያ ነጋዴዎች በቤተ ክርስቲያን ቆመው ይህን ሰሙ። ቅዱሱ ካስተማራቸው ትምህርቶች ሁሉ የጸናው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ ከሚያስፈልግህ በላይ ያከማቸኸው ገንዘብ የአንተ አይደለም፣ ለተቸገረው እንድታደርስ በአደራ የተሰጠህ ነው፣ ብትከለክለው እንደ ወሰድህበት ይቈጠራል የሚል ነው። በእርሱ ዘንድ ምጽዋት ከትርፍ የሚደረግ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ዕዳን መክፈልም ነው። አራጣ አበዳሪዎችንም በመዝሙር 14 ትርጓሜው አጥብቆ ገሥጿል፤ ድኾችንም በችግር ላይ ዕዳ እንዳይጨምሩ መክሯል።

ጎተራዎቹ ተከፈቱ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ይህን ሲተርክ ባስልዮስን ከዮሴፍ ጋር ያነጻጽረዋል፤ ዮሴፍ አስቀድሞ ያከማቸውን እህል ለፈርዖን ጥቅም ሸጠ፣ ባስልዮስ ግን ምንም ሳያከማች የሌሎችን ጎተራ በቃሉ ከፍቶ በነጻ አበላ። ረኃብተኞቹን በአንድ ስፍራ ሰበሰባቸው፤ ወንዶችና ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሎች፣ ገና የሚተነፍሱትን ሁሉ። የሚበላ ነገር ከየቤቱ አሰባሰበ። በትላልቅ ድስት የተቀቀለ ሾርባና ድኾች የሚመገቡት በጨው የቆየ ሥጋ አቀረበላቸው። ራሱም ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ከአገልጋዮቹ ጋር እግራቸውን አጠበ። በአኔሲ በወንዙ ዳር ያሰበውን እግር የማጠብ ነገር አሁን በተግባር ሲፈጽም እናያለን። ለአይሁድ ልጆችም ከክርስቲያን ልጆች እኩል አካፍሏቸዋል።

በዚያው ጊዜ በአኔሲ ገዳም ታናሽ ወንድሙ ጴጥሮስ ከየአቅጣጫው ለመጡ ረኃብተኞች ምግብ ያዘጋጅ ነበር፤ ከመጣው ሕዝብ ብዛት የተነሣ በረሃው ከተማ መስሎ ነበር። ማክሪናም በረኃቡ ምክንያት በየመንገዱ የተጣሉ ሕፃናትን እያነሣች አሳደገች። በዕረፍቷ ቀን አብዝተው ያለቀሱላት እናት የሆነቻቸው እነዚያ ልጆች ናቸው።

አዲሲቱ ከተማ

በ370 አውሳብዮስ ሲያርፍ ባስልዮስ በቂሣርያ መንበር ተተካ። ድርቁ አልፏል፤ ድኾቹ ግን አላለፉም። ብዙ በጎ ሰዎች የረኃብ ሰሞን ይረዱና ዝናብ ሲዘንብ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቅዱስ ባስልዮስ በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ነው ታላቅ የሚያሰኘው። በረኃቡ ጊዜ በድስት የጀመረውን ሥራ በድንጋይና በኖራ ሊያጸናው ተነሣ።

ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ሕንፃ ማሠራት ጀመረ። ለአገረ ገዥው ለኤልያስ ከጻፈው ደብዳቤ እንደምንረዳው በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ በዙሪያው ለኤጲስ ቆጶሱና ለካህናቱ መኖሪያ፣ ለመንገደኞች ማረፊያ፣ ለሕሙማን ማስታመሚያ ተሠርቷል። በውስጡም አስታማሚዎች፣ ሐኪሞች፣ የጭነት እንስሳትና መንገደኛ የሚሸኙ ሰዎች ነበሩ። ለኑሮ የሚያስፈልጉ የእጅ ሥራዎች ሁሉ በዚያ ይሠሩ ነበር፤ ለእነርሱም የሥራ ቤቶች ተዘጋጅተዋል። ልብ ብለን እንመልከት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ለብቻው፣ የድኾቹ ቤት ለብቻው አልተሠራም። ከአንድ ቅጥር ውስጥ ከመሠዊያው ጥቂት እርምጃ ርቆ የሕሙማን አልጋ ነበረ።

ሐኪም ማስቀመጡም የሚገርማቸው ይኖራሉ። ቅዱሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሕመምተኛ ነበር፤ የጉበት በሽታ ያሠቃየው ነበር። ከሕመሙ የተነሣ የሕክምናን ጥበብ እስከ መማር ደርሷል። ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓትም መድኃኒት ምድር እንድታበቅለው ያደረገ እግዚአብሔር መሆኑን፣ ተስፋችንን ሁሉ በሐኪም ላይ እንዳናደርግ፣ ጨርሶም እንዳንንቀው አስተምሯል። ጸበልና ሐኪምን እንደ ተቃራኒ የሚያቀርቡ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም፤ የቂሣርያው አባት ግን ሁለቱን በአንድ ግቢ አስቀምጧቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ በዚያ ስፍራ የተጠለሉት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከከተማ፣ ከቤት፣ ከገበያና ከውኃ ዳር ይባረሩ ነበር፤ የገዛ ዘመዶቻቸው ሳይቀሩ ይሸሹአቸዋል። ከመልካቸው ይልቅ በስማቸው ብቻ የሚታወቁ ሆነው ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ ወደ እነርሱ ቀርቦ እንደ ወንድም ይስማቸው፣ ቁስላቸውንም ይነካ ነበር። ይህ ሰው በአቴና የተማረ የባለጸጋ ልጅ፣ የታላቂቱ ከተማ ሊቀ ጳጳሳት ነው። ወዳጁ ጎርጎርዮስ በኋላ ስለ እርሱ ባደረገው ንግግር ይህን አዲስ ከተማ ከባቢሎን ቅጥርና ከግብፅ ፒራሚዶች ጋር አስተያይቶ የድኾቹን ከተማ አብልጧል።

ሥራው ግን ያለ ተቃውሞ አልሄደም። በ371 መጨረሻ ንጉሥ ዋሌንስ ወደ ቀጰዶቅያ ሲመጣ ሹሙ ሞደስጦስ ባስልዮስን አስጠርቶ የአርዮሳውያንን እምነት እንዲቀበል አስፈራራው። ንብረትህ ይወረሳል፣ ትሰደዳለህ፣ ትሠቃያለህ፣ ትሞታለህ ብሎ ዛተ። ቅዱሱ ጥቂት መጻሕፍትና ያረጀ ልብስ ብቻ ያለው ሰው ውርስ እንደማያስፈራው፣ በሽተኛ አካሉም የመጀመሪያውን ግርፋት እንኳ እንደማይችል በድፍረት መለሰለት። ይህ መልስ በእምነት ተጋድሎ ታሪክ ደጋግሞ ይነገራል። እኛ ልንጨምርበት የምንሻው አንድ ነገር ነው፤ ይህን መልስ መመለስ የቻለው በረኃቡ ጊዜ ርስቱን ለድኾች ስላወጣው ነው። ሀብቱን በእጁ ይዞ ቢሆን ሞደስጦስ የሚይዝበት እጀታ ያገኝ ነበር። በ372 በጥምቀት በዓል ዋሌንስ ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብቶ ሥርዓቱን አይቶ ተደነቀ፤ በዚያ አገር ከነበረውም መሬት ለድኾቹ መርጃ እንደሰጠ የታሪክ ጸሐፍት ይተርካሉ።

ሌሎች ደግሞ ሕንፃው የመንግሥትን ጥቅም ይጎዳል ብለው ለአገረ ገዥው ለኤልያስ ሹክ አሉ። ከላይ ያነሣነው ደብዳቤ ለዚህ ክስ የተሰጠ መልስ ነው። ቅዱሱ በትሕትና፣ ነገር ግን አንገቱን ሳይደፋ፣ ለእንግዳና ለሕመምተኛ ቤት መሥራት ማንን እንደሚጎዳ ይጠይቃል፤ ለከተማይቱ ጌጥ፣ ለገዥውም ክብር እንደሚሆን ያስረዳል።

የድኾች ገንዘብ አያያዝ

የቂሣርያው ቤት ስሙ ስለገነነ ብቻውን የነበረ ይመስለናል። ግን በገጠሩም ረዳት ኤጲስ ቆጶሳቱ የሚያስተዳድሯቸው ትናንሽ የድኾች ቤቶች ነበሩ። ቅዱስ ባስልዮስ ለአንድ የግብር ሒሳብ ሹም በጻፈው ደብዳቤ ከእነዚህ ቤቶች አንዱን ሄዶ እንዲጎበኝና ከግብር ነጻ እንዲያደርገው ለምኗል። ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ስለ አንዲት የገጠር መጠለያ ግብር ደጅ መጥናቱን ዝቅ ማለት አድርጎ አልቈጠረውም።

እነዚህን ቤቶች በሚጠብቁት ሰዎች ላይ ግን እጅግ ጥብቅ ነበር። አንዳንድ የገጠር ኤጲስ ቆጶሳት ክህነት ከሚቀበሉ ሰዎች ገንዘብ እንደሚወስዱ በሰማ ጊዜ አጥብቆ ገሠጻቸው፤ ገንዘቡን ከሹመት በፊት ሳይሆን በኋላ ስለተቀበሉ ኃጢአት አይደለም ማለታቸውንም አልተቀበለም። ሌሎች ከውትድርና ለማምለጥ ሲሉ ብቻ በአገልጋይነት መዝገብ መግባታቸውን ሲያውቅም የአገልጋዮቹ ስም ዝርዝር ሁሉ እንዲላክለት አዘዘ። ለድኻ የሚሰጠው ገንዘብ በእንደዚህ ያለ እጅ ውስጥ ካለፈ ድኻው ጋ እንደማይደርስ ያውቅ ነበርና።

ስለ አሰጣጡም ያስተማረው ለዘመናችን የሚሆን ነው። በእውነት የተቸገረውን ከልመና ነጋዴው መለየት ልምድ እንደሚጠይቅ፣ በሐዋርያት ዘመን ምእመናን ገንዘባቸውን በሐዋርያት እግር ሥር ያስቀመጡትም ስለዚህ እንደሆነ ያስተምር ነበር። ይህን ትምህርት አንዳንዶች እጃቸውን ለመሰብሰብ ምክንያት ያደርጉታል። እርሱ ግን የተናገረው ለድኾች ቤት ሠርቶ፣ የሚመረምርና የሚያከፋፍል አገልጋይ አቁሞ ነው። በእኛ አጥቢያዎች የበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በተሰለፉት የኔ ቢጤዎች እጅ ላይ ሳንቲም እያስቀመጥን እናልፋለን፤ ከመካከላቸው አንዱ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚታመም፣ ልጆቹ ምን እንደሚበሉ የሚያውቅ አገልጋይ በየሰበካ ጉባኤው ስንት ነው? ሰንበቴያችንና ዝክራችን ለድኾች የተሠራ መልካም ሥርዓት ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ በማዕዱ የሚቀመጡት ነገ መልሰው የሚጋብዙን ዘመዶቻችንና ወዳጆቻችን ሆነዋል፤ ጌታችን በግብዣ ላይ ያስተማረውንም (ሉቃ. 14፥12-14) በዚያው ቀን በስብከት እንሰማዋለን።

ቅዱሱ ድኾችን የሚረዳው በማብላት ብቻ አልነበረም። ንጉሡ ቀጰዶቅያን ለሁለት በከፈለ ጊዜ የቂሣርያ ሰዎች ወደ ሌላ ከተማ እንዲሄዱ ሲገደዱ ስለ ከተማይቱ መጎዳት ለባለሥልጣናት ደጋግሞ ጽፏል። አንድ ሽማግሌ በንጉሥ ትእዛዝ ከከተማ ሸንጎ ግዴታ ነጻ ከወጣ በኋላ፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጁ በመዝገብ ስለተጻፈ ግዴታው በሕፃኑ ስም ተመልሶ በአያትየው ላይ በወደቀ ጊዜ ሊቀ ጳጳሳቱ ለአገረ ገዥው አቤት ብሎለታል። በጣውሮስ ተራራ ብረት በሚወጣበት አገር የሚኖሩ ድኾች በከበደ ግብር ሲጨነቁም ግብሩ እንዲቀልላቸው ለምኗል። ልመናውን የጻፈው ለማን ነበር? ቀድሞ በሞት ላስፈራራው ለሞደስጦስ ነው።

ዕረፍቱ

ቅዱስ ባስልዮስ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በ379 መጀመሪያ ዐረፈ። በኤጲስ ቆጶስነት የኖረው ዘጠኝ ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ከእነርሱም ብዙውን በሕመም አሳልፏል። በቀብሩ ዕለት መንገዱ፣ ሰገነቱ ሁሉ በሕዝብ ተሞላ፤ ከግፊያው የተነሣ የሞቱ ሰዎች እንደነበሩ ጎርጎርዮስ ይነግረናል። ከክርስቲያኖች ጋር አሕዛብና አይሁድም አልቅሰውለታል። በረኃቡ ዘመን ከሾርባው የበሉት ሕፃናት በዚያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ጨምረው ነበር፤ ከለቀስተኞቹ መካከል እነርሱም ሳይኖሩ አይቀሩም።

የሠራው ቤት በስሙ ባስልያድ ተባለ። በሚቀጥለው መቶ ዓመት የጻፈው ታሪክ ጸሐፊ ሶዞሜን ቤቱ በዘመኑም በዚሁ ስም የታወቀ የድኾች መጠለያ መሆኑን መዝግቧል። ካስተዳደሩት አባቶች አንዱም ፕራፒድዮስ የተባለ በዕድሜ የገፋ ኤጲስ ቆጶስ ነበር፤ ከድኾቹ ቤት ጋር በዙሪያው ያሉትን ብዙ መንደሮች እየዞረ ይጠብቅ ነበር።

የአባታችን የቅዱስ ባስልዮስ በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።